የጀፑ ፊታውራሪ ሰባት ቤት ሲቆጥር

ፋንታሁን ጥላዬ የፊታውራሪ ዘር የሆነው ደላንታ ሲወለድ ሳይሆን ጆሃንስበርግ ከገባ በኋላ ነው። ደላንታ ውስጥ ሁሉም የሁሉንም አያት ስለሚያውቅ አገሩ ለእንዲህ ያለው ነገር አይመችም። የሐበሻ ነጋዴ የሞላበት የጆሃንስበርጉ ሰፈር ጀፕ ግን ይመቻል። ጀፕ ላይ ሰው አያቱን እንደ ጃኬት ይመርጣል፤ የሚያምርበትን ለብሶ ይወጣል።

ነገሩ የተጀመረው ገና በመጣበት ዓመት፣ ስምንት ሆነው በሚያድሩባት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ጎረምሳ ነበር፤ ፋንታሁንን በስድስት ወር ስለቀደመው ከተማዋን ራሱ የቆረቆራት ይመስለዋል። ይህ ጎረምሳ ፋንታሁን ሳህኑን በጣቱ ጠርጎ ሲልስ አየና፣

"አንተ፣ የማን ገባር ነህ ባክህ?" አለው።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ፋንታሁን ጣቱን ከአፉ አወጣ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤

"እኔ የፊታውራሪ ወንድይራድ ዘር ነኝ!" አለ።

ለምን እኚህን እንደመረጠ ራሱም አያውቅም። በልጅነቱ ከሰማቸው ስሞች ሁሉ ትልቁ የእሳቸው ስለነበረ ይሆናል። ሰው ለሰርግ የጎረቤቱን ኮት እንደሚዋስ ስሙን ተዋሰና፣ ሳይመልሰው ሃያ አምስት ዓመት አለፈ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጀፕ ሁሉ "ፊታው" ይለዋል። ከከተማው ዳር ከቶኮዛና ከቮስሎሩስ ስፓዛ ለሚሏት የሰፈር ሱቃቸው ዕቃ ሊያወጡ የሚመጡት የደቡብ ልጆች እንኳ "ፊታው፣ የዚች ብርድ ልብስ መጨረሻዋ ስንት ነው?" እያሉ ነው የሚከራከሩት። ፋንታሁንም ውለታውን አልረሳም። ለፊታውራሪው በየዓመቱ አንዳንድ ነገር ይጨምርላቸዋል፤ አንድ ዓመት ግራጫ በቅሎ፣ ሌላ ዓመት በብር የተለበጠ ጋሻ። ፊታውራሪ ወንድይራድ ከሞቱ ከመቶ ዓመት በኋላ ጀፕ ላይ እንደገና ጎለመሱ ማለት ይቻላል።

ጥፋቱ ደግሞ የፋንታሁን ብቻ አልነበረም። ተማሪ ሳለ የያዘው የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ፣ ያ ጠርዙ የተበላውና ሽፋኑ በጋዜጣ የተለበደው፣ ነገሥታቱን በተራ እያስነሳ በተራ ይጥላቸው ነበር። መኳንንቱም እንደ ማዕረጋቸው ይሰለፋሉ። ገበሬው ግን በምዕራፉ መጨረሻ "ሕዝቡም ተራበ" በምትል አንዲት መስመር ውስጥ ተጨናንቆ ይገኛል። ታዲያ ከዚያች መስመር ወጥቶ ከፍ ካለው አንቀጽ ውስጥ መቀመጥ የማይመኝ ማን አለ?

እዳው የመጣው ልጁ ፌቨን ለአቅመ ጋብቻ ስትደርስ ነው።

ፌቨን በሰንበት ትምህርት ቤት ያወቀችውን ራጉኤልን ወደደች። ራጉኤል ኮምፒዩተር የሚጠግን፣ ትሑት፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሆዱም ከትከሻው ጋር የሚፎካከር ልጅ ነው። ሁለቱን ቤቶች ነፍስ አባት ሆነው የሚያገለግሉት አባ ፍቅረማርያም ግን "ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ሰባት ቤት ቁጠሩ" አሉ። እስከ ሰባት ትውልድ የሚገናኝ ዘመድ አይጋባም። በአገር ቤት ይህን ሰፈሩ ይቆጥረዋል፤ በጆሃንስበርግ ግን የሚያውቅ የለም። አባ ፍቅረማርያምም ከዚህ በፊት የጥሪ ካርድ ከታደለ በኋላ የአክስትና የአጎት ልጆች መሆናቸው የታወቀ ሙሽሮች ገጥመዋቸው ነበርና፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ጣጣ አልፈለጉም።

ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በጋሽ አሳምነው ምግብ ቤት ተሰበሰቡ። ጋሽ አሳምነው የራጉኤል አጎት ናቸው፤ የልጁ አባት ጌትነት ስለሞቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ከፕሪቶሪያ ተነስተው ጀፕ ላይ ምግብ ቤት የከፈቱት አምና ነው። "ፊታው" የሚለውን ስም ሰምተዋል፤ ፋንታሁን ብርድ ልብስ በጀርባው ሲያግዝ አይተው፣ ለጉልበቱ የወጣለት መስሏቸው ነበር።

"በል ከሴቷ ወገን እንጀምር" አሉ አባ ፍቅረማርያም።

ፋንታሁን ጀመረ። "ፌቨን፣ ፋንታሁን፣ ጥላዬ፣ ደምሴ…" አለና ቆመ። ከደምሴ ቀጥሎ ማን እንደሚመጣ ያውቃል። ነገር ግን "ፊታው" እያለ ሲያጨበጭብለት የኖረ የጀፕ ሰው በየጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጧል።

"…ፊታውራሪ ወንድይራድ" አለ።

ጋሽ አሳምነው የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ። "የትኛው ወንድይራድ?"

"የደላንታው።"

"የጎሽ ሜዳው?"

"እሳቸው ናቸዋ።"

ጋሽ አሳምነው ከወንበራቸው ተነሱ። ፋንታሁን የሚመቱት መስሎት ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ሽማግሌው ግን አንገቱ ላይ ተጠመጠሙና ጉንጩን እያገላበጡ ሳሙት።

"ሥጋዬ! እኔ እኮ የተሰማ አምዴ ወንድይራድ ልጅ ነኝ! በዚህ በባዕድ አገር፣ ሁለት ፎቅ ርቀን፣ ሳንተዋወቅ!" እያሉ አለቀሱ።

አባ ፍቅረማርያም በዚህ መካከል ጣታቸውን እያጠፉ ነበር። "ራጉኤል፣ ጌትነት፣ ተሰማ፣ አምዴ፣ ወንድይራድ" አሉና አውራ ጣታቸውን አጠፏት። "አምስተኛው ቤት ላይ ተገናኛችሁ። እንኳን ደስ አላችሁ። ሰርጉ ቀርቷል።"

የራጉኤል ጉርሻ አፉ ደጃፍ ላይ ቀረ። ፌቨን አባቷን አየችው።

"ኖ። ኖ፣ ኖ፣ ኖ። ዳዲ?"

ዳዲ ግን ገና ከጋሽ አሳምነው ክንድ አልወጣም ነበር።

ቤት ሲገቡ ሚስቱ ኤልሳቤት ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ጀመረችው። "እኔን ስታገባኝ አባትህ ሲቆጥሩ ደምሴ የማን ልጅ ነበር?"

"የይመር" አለ ፋንታሁን ወለሉን እያየ።

"ታዲያ ይመርን የት ጣልከው?"

"ኤልሲ፣ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት…"

"በል አሁን ፊታውራሪህን ዳርልኝ! ልጄን ግን ቆማ አታስቀራትም!"

ፌቨን ከመኝታ ክፍሏ አልወጣችም። ከበሩ ስር የሚሰማው ለቅሶዋ ከእናቷ ጩኸት ይልቅ ከበደው። በማግስቱ ፋንታሁን ሱቁን እንኳ ሳይከፍት ጋሽ አሳምነው ዘንድ ሄደ።

"ጋሼ፣ የትናንቱ ውሸት ነው። እኔ የፊታውራሪ ዘር አይደለሁም። ቅድመ አያቴ የእሳቸው አራሽ ነበሩ።"

ጋሽ አሳምነው በእንባ የተሞላ ዓይናቸውን አነሱ። "ለልጅህ ደስታ ብለህ ራስህን አራሽ ታደርጋለህ?"

"አላደረግሁም ጋሼ፣ ነኝ እንጂ!"

"እንዲህ ያለ መሥዋዕትነት የሚከፍል የፊታውራሪ ደም ያለው ብቻ ነው! ኑር ወንድሜ! ግን ደምህን አልክድልህም" ብለው ደግመው ሳሙት። ፋንታሁን እውነቱን ለመናገር በሞከረ ቁጥር ይበልጥ መኳንንት ሆኖ አረፈው።

አባ ፍቅረማርያም ዘንድ ሄደ። እሳቸው አልሳሙትም።

"ውሸታም መሆንህን አምናለሁ ልጄ" አሉት። "የዋሸኸው ትናንት ይሁን ዛሬ ግን አላወቅሁም። ምስክር አምጣ። ከዚያ በፊት ተክሊል የለም።"

ምስክር ሊሆኑ የሚችሉት በሕይወት ያሉት አክስቱ እትዬ የአለምወርቅ ብቻ ነበሩ፤ የደምሴ የመጨረሻ ልጅ። ዕድሜያቸው ሰማንያን ዘለል ብሏል፤ ደላንታ ውስጥ በልጃቸው ስልክ ነው የሚገኙት። ፋንታሁን ብርድ ልብሶቹ መካከል ተቀምጦ ደወለ።

"እትዬ፣ ይመር ማን ነበሩ?"

"ገና አሁን ነው የምትጠይቀኝ? ወልደህ ጨርሰህ?" አሉ እትዬ። ቢሆንም ነገሩት።

ያ የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ እንግሊዞች መድፍና ዝሆን ይዘው በደላንታ በኩል ወደ መቅደላ ስለማለፋቸው ብዙ ይተርካል። እትዬ የአለምወርቅም ዝሆኖቹን ያውቋቸዋል። ይመር ያን ጊዜ ጎረምሳ ሊሆን ጥቂት የቀረው ልጅ ነበርና፣ ለዝሆኖቹ ሣር እያጨደ ይሸጥ ነበር።

"ንጉሡ መቅደላ ላይ ሲሞቱ ይመር የት ነበሩ?" አለ ፋንታሁን፤ አንድ ደህና ነገር ቢያገኝ ብሎ።

"የት ይሆናል? ሣሩ ላይ ነዋ! ንጉሥ ሞተ ብሎ ዝሆን መብላት ይተዋል?"

ከዚያ ይመር ለፊታውራሪ ወንድይራድ አራሽ ሆነ። መሬቱ የፊታውራሪው፣ በሬዎቹም የፊታውራሪው፤ ጉልበቱ ብቻ የይመር። መጽሐፉ ስለ መኳንንቱ ሹመትና ሽረት ገጽ ከገጽ ሲገለብጥ፣ ይመር ያንኑ ማሳ ይገለብጥ ነበር። ማንም ተሾመ ማን፣ አረሙ ያው ነው።

ቀጥሎ ክፉ ቀን መጣ። የከብት በሽታ አገሩን ጠራረገው። ይመር የሚያርስባቸው ጥማድ በሬዎች ቀንበር እንደተሸከሙ ማሳው ላይ ወደቁ። ፊታውራሪው ግብር ወደሚበላበት ሰፈር ሲወጡ፣ ለመጪው ዓመት የሚዘራውን እህል ጉድጓድ ውስጥ ከድነው ይመርን ጠባቂ አደረጉት።

"ጠበቀ" አሉ እትዬ፤ ድምፃቸው ቀዝቀዝ አለ። "ሁለት ልጆች ቀብሮም ጠበቀ። ደምሴ አባቴ ገና አራስ ልጅ ነበር። እናቱ ጡቷ ደረቀ። ይመር ይሄን አየና 'ሦስተኛውን አልቀብርም' ብሎ ጉድጓዱን ከፈተው። የዘሩን እህል ቆልተው በሉ። የቀረውን ተሸክሞ፣ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወደ በሽሎ ቆላ ጠፋ።"

ግራጫ በቅሎም፣ የብር ጋሻም ከፋንታሁን አፍ ጠፋ።

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"አባትህ ያፍር ነበር። የዘር እህል በላ መባል በዚያ ዘመን ቀላል ነገር መሰለህ? በል አሁን ካርዱ ሊያልቅ ነው።"

ስልኩ እንደተዘጋ፣ ወደ ቶኮዛ የሚሄደውን ዕቃ የሚጭኑት ሽማግሌ ዙሉ የታክሲ ሹፌር ባባ ምኪዜ ሱቁ በር ላይ ቆመው አገኛቸው። "ሳውቦና ፊታው፤ ምነው የሞተብህ ሰው አለ?" አሉት። ፋንታሁን በተሰባበረ እንግሊዝኛና በተለቃቀመ ዙሉ ነገራቸው። በሬዎቹ ጋ ሲደርስ ባባ ምኪዜ እጃቸውን አነሱ።

"ያ በሽታ እኛም ዘንድ መጥቷል። ከእናንተ ተነስቶ አይደል ቁልቁል የወረደው? የቅድመ አያቴን በረት ባዶ አስቀረው። ከብት ሲያጣ ወርቅ ሊቆፍር እዚህ ከተማ ገባ። ከብቶቹ ባይሞቱ ኖሮ እኔ ዛሬ የአንተን ብርድ ልብስ አልጭንም ነበር፤ አንተ ነህ የእኔን ከብት የምትጠብቀው!" ብለው ከት ብለው ሳቁ። ከዚያም ታክሲያቸውን ተደግፈው የዘራቸውን ስም ከላይ እስከ ታች እንደ ዳዊት ደገሙት።

ፋንታሁን ቀናባቸው። "ከእነዚህ ውስጥ ተራ ሰው አለ?"

"ሁሉም ናቸው እንጂ! ሰው ሲሞት ያምርበታል" አሉት ባባ ምኪዜ። "ይልቅ ጫንልኝ፣ መንገድ ሊዘጋ ነው።"

ፋንታሁን ቅዳሜ ሁሉንም ቤቱ ጠራ። አባ ፍቅረማርያም፣ ጋሽ አሳምነውና ራጉኤል ሳሎን ተቀመጡ። ኤልሳቤትና ፌቨን የወጥ ቤቱን በር ተደግፈው ቆሙ። ጋሽ አሳምነው አዲስ ላገኙት ዘመዳቸው አንድ ሙክት ሥጋ አስጭነው ነበር የመጡት።

"አባታችን፣ ደምሴ የወንድይራድ ልጅ አይደለም" አለ ፋንታሁን ቆሞ። "የይመር ልጅ ነው።"

ጋሽ አሳምነው ከሶፋው ቀና አሉ። "የማን አልክ?"

"የይመር።"

"ይሄን ስም ማን ነገረህ?"

"የቅድመ አያቴ ስም ነው ጋሼ። ማን ይነግረኛል?"

"ይሄ ከቤታችን ወጥቶ የማያውቅ ስም ነው!" ጋሽ አሳምነው ፊታቸው በርበሬ መሰለ። "በእኛ ቤት ስድብ ነው እንጂ ስም አይደለም! ሆዳም ልጅ ነው ይመር የሚባለው!"

ራጉኤል የያዘውን ዳቦ ቀስ ብሎ ወደ ሳህኑ መለሰ። "ጋሼ፣ እኔን እኮ ነው ይመር የሚሉኝ።"

ፌቨን ሳቋን ልታፍን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አባ ፍቅረማርያም ጺማቸውን ዳበስ አደረጉ። "ለምን ይሆን እንዲህ የሚባለው ጋሽ አሳምነው?"

"ለምን? አደራ በላ ነዋ! ፊታውራሪ አምነው ያስቀመጡትን የዘር እህል ጠራርጎ በልቶ የጠፋ! ማኛ ጤፍ ነበር፤ እንደ በረዶ የነጣ! ያ ጤፍ ቢዘራ ኖሮ ቤታችን ባልወደቀ!"

እውነትም በጋሽ አሳምነው ቤት ከዚያ ወዲህ የደረሰው መከራ ሁሉ በይመር ላይ ይጻፍ ነበር። የስድሳ ሰባቱ የመሬት አዋጅ ርስታቸውን ሲወስደው በይመር ተማረሩ። አንዱ ወንድማቸው ማትሪክ ሲወድቅም እንዲሁ። ፋንታሁን ይህን ሲሰማ፣ ስለ ይመር ከራሱ ይልቅ የባላጋራው ቤት ብዙ እንደሚያስታውስ ገባው። በታሪክ መጽሐፉ አንዲት መስመር እንኳ ያልደረሰችውን ሰውዬ፣ አንድ ሙሉ የመኳንንት ቤት መቶ ሠላሳ ዓመት ሲረግመው ኖሯል።

"ምስክሬ ስልክ ላይ አሉ" አለና ስልኩን በድምፅ ማጉያው ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"ማነው እንዲህ የሚጮኸው?" አሉ እትዬ የአለምወርቅ ከደላንታ።

"አሳምነው ተሰማ ነኝ! የፊታውራሪ ወንድይራድ የልጅ ልጅ ልጅ!"

"አሃ፣ የአምዴ ወገን። ጩኸታችሁ አልጠፋም።"

"የኔ እመቤት፣ አያትዎ ጤፋችንን…"

"የምን ጤፍ? ገብስ ነው።"

"ማኛ ጤፍ ነው!"

"የት የተወለድክ ነህ አንተ?"

"ደሴ።"

"ይታወቃል። ጎሽ ሜዳ ውርጭ ላይ ማኛ ጤፍ ማን አብቅሎ ያውቃል? ገብስ ነበር፤ ያውም ነቀዝ የበሳው። አባቴ እስኪሞት ይስቅበት ነበር፤ 'ግማሹን ነቀዙ በልቶት፣ ሙሉ እዳው በእኛ ላይ ቀረ' እያለ።"

ከዚያ እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ስማኝ ልጄ። ያን ገብስ ባይበሉ አባቴ አይተርፍም። እሱ ባይተርፍ ይህቺ የምትጨቃጨቁባት ልጅ የለችም። ከዚህ በኋላ መሳደብ ከፈለግህ ተሳደብ።"

ጋሽ አሳምነው ፌቨንን አዩዋት። እንደ ዘመድ ልጅ ሳይሆን እንደ ሰው ያዩዋት ያን ጊዜ ይመስላል። በልጅቷ ዓይን ውስጥ እንባ ቆሟል። ሽማግሌው ቀና አድርገው የቆዩትን ወገባቸውን ወደ ሶፋው ለቀቁት።

"እንግዲህ" አሉ አባ ፍቅረማርያም፣ "የስድቡን ስም ከጋሽ አሳምነው ወገን፣ የዘሩን ስም ከፋንታሁን ወገን ሰማሁ። የተገናኘው እርሻችሁ ነው፤ ደማችሁ አልተገናኘም። ይህ ተክሊል አይከለክልም። የቀረው የሽምግልናው ወግ ነው።"

የቀረው ግን ቀላል አልነበረም። በወጉ መሠረት ልጅ የሚጠይቅ የወንድ ወገን በሴቷ አባት ፊት ቆሞ ይለምናል፤ አባትየው እሺ እስኪል አይቀመጥም። የራጉኤል ወገን ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጋሽ አሳምነው የፊታውራሪ ወንድይራድን ዘር ይዘው ከይመር ልጅ ፊት ሊቆሙ ነው። በሩን አዩ። ራጉኤልን አዩ። ልጁ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ ይጠብቃል።

ጋሽ አሳምነው ተነሱ። ኤልሳቤት የሚሄዱ መስሏት ደረቷን ያዘች። እሳቸው ግን ጃኬታቸውን ቆለፉ፤ ከምንጣፉ መሐል ሄደው ፋንታሁን ፊት ቆሙ።

"እኔ አሳምነው ተሰማ አምዴ" አሉ በወፍራም ድምፅ። "ለልጄ ለራጉኤል፣ ከይመር ቤት ልጅ ልለምን ቆሜያለሁ።"

ፋንታሁን መልሱ አፉ ላይ ነበር። ግን አላወጣውም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው በትክክለኛው የዘር ስሙ ጠርቶት ለምኖታልና፣ ነገሩን ትንሽ ሊያጣጥመው ፈለገ። ጋሽ አሳምነው ቆመዋል። ፋንታሁን ጣሪያውን አየ፤ መጋረጃውን አስተካከለ።

"ሰውየው! እንግዳው ቆመው እኮ ነው!" አለች ኤልሳቤት ጎኑን በክርኗ ወግታ።

"ምነው ዝም አላችሁ?" ሲሉ እትዬ የአለምወርቅ ከጠረጴዛው ላይ ጮኹ። "ሰጠ ወይስ አልሰጠም? እኔ እኮ ከሰው ስልክ ላይ ነኝ!"

"ሰጥቻለሁ እትዬ" አለ ፋንታሁን። ከዚያም ወንበሩን በገዛ እጁ ስቦ አቀረበ። "ይቀመጡ፣ ጋሼ።"